ጥሩ የኪሳራ ጠበቃ በጥያቄው ይታወቃል

አሜሪካ ያለ ሐበሻ ስለ መኪናው ያወራል፣ ስለ ቤቱ ያወራል፣ አዲስ አበባ ያሠራውን ቤት ፎቶም አውጥቶ ያሳያል። ስለ ዕዳው ግን ትንፍሽ አይልም። ክሬዲት ካርዱ ሞልቶ፣ የመኪናው ክፍያ ሦስት ወር አልፎት፣ ዕዳ ሰብሳቢዎች በቀን አምስቴ እየደወሉበት እንኳ እቁቡን ይጥላል፣ ለሠርግ ያዋጣል፣ ለእናቱም ይልካል። ከውጭ ለሚያየው ሁሉ ሰላም ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ይሄ ዝምታ ሲያበቃ ስለሚመጣው ነገር ነው፤ ስለ ባንክራፕሲ፣ በአማርኛችን ስለ ኪሳራ። በተለይ ደግሞ ስለ አንድ ጥያቄ፦ ጉዳዩን በደንብ የሚያውቅ ጠበቃ እንዴት ይገኛል? የምጽፈው ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አገር ቤት ሆናችሁ የምታነቡ ግን «እኛን አይመለከትም» ብላችሁ እንዳታልፉት። የውጩ ዘመድ ኪሳራ የእናንተን ስም የሚያነሳበት ቦታ አለ፤ እደርስበታለሁ።

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ እንጂ ሕግ አይደለም። ይሄ ጽሑፍ ጠበቃን አይተካም። ጠበቃ ለመምረጥ ግን ያግዛል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ነገሩን እንግባባ

በእኛ አገር ኪሳራ የነጋዴ ጉዳይ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ስለ ኪሳራ የሚደነግገው ለነጋዴዎችና ለንግድ ማኅበራት ነው። ተራው ደሞዝተኛ «ዕዳ በዛብኝ፣ ከስሬያለሁ» ብሎ ፍርድ ቤት አይሄድም። ለዚህም ይመስለኛል ብዙዎቻችን አሜሪካ ከመጣን በኋላ እንኳ ይሄ በር ለእኛም ክፍት መሆኑን የማናውቀው።

አሜሪካ ውስጥ ግን ደሞዝተኛውም፣ የታክሲ ሾፌሩም፣ ነርሷም ኪሳራ መጠየቅ ይችላሉ። ዜጋ መሆን አያስፈልግም፤ እዚያ መኖር ይበቃል። ሕጉ የፌዴራል ነው። አሁን የሚሠራበት የወጣው በ1978 ሲሆን በ2005 ጠበቅ ተደርጎ ተሻሽሏል። ለግለሰብ በብዛት የሚያገለግሉት ሁለት መንገዶች ናቸው።

አንዱ ቻፕተር 7 ነው። ሕጉ የማይከልለው ንብረት ካላችሁ ተሽጦ ለአበዳሪዎች ይከፋፈላል፣ የቀረው ዕዳ ይሰረዛል። አብዛኛው ሰው ግን ሊሸጥበት የሚችል ንብረት ስለሌለው ምንም ሳይወሰድበት በጥቂት ወራት ውስጥ ያልቃል። ሁለተኛው ቻፕተር 13 ነው። ቋሚ ገቢ ያለው ሰው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በሚሄድ ዕቅድ የሚችለውን እየከፈለ ይቆይና የቀረው ይሰረዝለታል። ቤቱን ባንክ እንዳይወስድበት የሚፈልግ ብዙ ጊዜ ወደዚህኛው ይሄዳል።

በሁለቱም መንገድ ማመልከቻው በገባበት ሰዓት እግድ ይጸናል። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም ስልኩ ይቆማል፣ ክሱ ይቆማል፣ ከደሞዝ መቁረጡም ይቆማል። የማይሰረዙ ዕዳዎችም አሉ፦ የልጅ ማሳደጊያ፣ የቅርብ ዓመታት ግብር፣ አብዛኛው የተማሪ ብድር።

«እንዲህ ማድረግ ነውር አይደለም ወይ?» ለሚለኝ የምመልሰው የኢኮኖሚክስ መልስ ነው። የክሬዲት ካርድ ድርጅት ያን ሁሉ ወለድ የሚያስከፍለው ከተበዳሪዎቹ የተወሰኑት መክፈል እንደሚያቅታቸው አስቀድሞ አስልቶ ነው። አደጋው ዋጋው ውስጥ ገብቷል። እናንተም ስትከፍሉ የኖራችሁት ያንን ዋጋ ነው።

የወንድም ጋሼ ሦስት ጠበቆች

እኔ «ወንድም ጋሼ» የምለው የአክስቴ ልጅ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በ2021 የጭነት ዋጋ ጣሪያ ነክቶ በነበረበት ጊዜ አሮጌ ትራክ በውድ ዋጋ በብድር ገዛ። በ2022 ዋጋው ወረደ። ያኔ የተጎዳው እሱ ብቻ አልነበረም። ወደ 100 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው ትልቁ የሎው የተባለ የጭነት ኩባንያ እንኳ ነሐሴ 2023 ላይ ኪሳራ ጠይቋል። ልዩነቱ ኩባንያው የጠበቃ ሠራዊት ነበረው፤ ወንድም ጋሼ የነበረው ስልኩ ብቻ ነው። እኔ አብሬው የዞርኩት በአስተርጓሚነት ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው ጠበቃ ያልሆነ፣ ግን ለሐበሻው ሁሉ የታክስና የኢሚግሬሽን ፎርም የሚሞላ ሰው ጋ ነው። «ጠበቃ ምን ያደርግልሃል? እኔ በ400 ዶላር እጨርስልሃለሁ። ብቻ አገር ቤት ስላለው ነገር ምንም እንዳታነሳ» አለው። ይሄ ሰው ካደረገው ሁሉ የከፋው ዋጋው አልነበረም። ሕጉ ጠበቃ ያልሆነ ፎርም ሞይ እናንተ የነገራችሁትን ከመጻፍ አልፎ ምክር እንዳይሰጥ ይከለክለዋል። የትኛው ቻፕተር እንደሚሻል እንኳ ሊነግራችሁ አይችልም። እሱ ግን ለወንጀል የሚያደርስ ምክር ነው በነፃ የጨመረለት።

ሁለተኛው ማስታወቂያው በየቦታው የሚታይ ቢሮ ነው። ጠበቃውን አላየነውም። አንዲት ረዳት በ15 ደቂቃ ውስጥ የደሞዝ ወረቀቱን አይታ «ገቢህ ከፍ ያለ ስለሆነ ቻፕተር 13 ነው፣ አምስት ዓመት ትከፍላለህ» አለችውና የሚፈርመውን ውል አቀረበችለት። እሱም እስክሪብቶውን አንስቶ ነበር። «ነገ እንመለሳለን» ብዬ ወጣን።

ሦስተኛዋ ግሪንቤልት ያለው የኪሳራ ፍርድ ቤት ለዓመታት የሠራች፣ በዕድሜ ገፋ ያለች ጠበቃ ነበረች። መጀመሪያ ያደረገችው እኔን ከክፍሉ ማስወጣት ነው፤ በትህትና። ዘመድ አብሮ ሲቀመጥ በጠበቃና በደንበኛ መካከል ያለው የምስጢር ጥበቃ ሊላላ እንደሚችል ነገረችን። በስልክ ሌላ አስተርጓሚ አስገባች። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠየቀችው። የጠየቀችውን በኋላ መኪና ውስጥ ነው የነገረኝ፤ እንድጽፈውም ፈቅዶልኛል።

አንደኛው ጥያቄዋ «ይሄ ዕዳ ከምን መጣ?» የሚል ነበር። አብዛኛው ከትራኩ ነው፦ የትራኩ ብድር፣ ጥገና፣ ናፍጣ። ለካ ቻፕተር 7 ለመግባት የሚያስፈልገው የገቢ መመዘኛ የሚሠራው ዕዳቸው በአብዛኛው የግልና የቤተሰብ ወጪ ለሆነ ሰዎች ነው። የወንድም ጋሼ አብዛኛው የንግድ ዕዳ ነው። ስለዚህ ያ ቢሮ «አምስት ዓመት» ያለው ነገር ግዴታ አልነበረም። አንድ ጥያቄ አምስት ዓመት አተረፈለት ማለት ነው።

ሁለተኛው «ሜሪላንድ ከመጣህ ስንት ጊዜህ ነው?» የሚል ነበር። 14 ወር። ከዚያ በፊት ቨርጂኒያ ነበር። ከመወሰድ የሚከለለው ንብረት ከስቴት ስቴት ይለያያል። በአሁኑ ስቴት ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው የሚዳኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ በቀድሞው ስቴት ሕግ ነው። ጠበቃው የአካባቢው ሰው መሆን አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። ሕጉ የፌዴራል ቢሆንም መኪናችሁና ዕቃችሁ የሚድኑት በስቴት ሕግ፣ በዚያ ፍርድ ቤት አሠራር ነው። እኛ ደግሞ ዛሬ ቨርጂኒያ፣ ነገ ቴክሳስ፣ ከነገ ወዲያ ሚኒሶታ የምንል ሰዎች ነን።

ሐበሻን የሚነኩት ጥያቄዎች

ከዚያ የቀሩት ጥያቄዎቿ የእኛን ኑሮ የምታውቅ ያስመስሏታል። የምትጠይቀው ግን ሕጉ ስለሚያስገድዳት ነው፤ ፎርሙ ላይ ያሉ ናቸው። ጥሩ ጠበቃ አስቀድሞ ያነሳቸዋል። መጥፎው ፎርሙ ላይ «የለም» ብሎ ሞልቶ ያስፈርማችኋል።

አገር ቤት ንብረት አለህ? የአሜሪካ ሕግ የኪሳራ ጠያቂውን ንብረት የሚቆጥረው የትም ዓለም ቢሆን፣ በማንም እጅ ቢሆን ነው። ወንድም ጋሼ ለዓመታት ለእናቱ ገንዘብ ልኮ ቤት አሠርቷል፤ ቦታውም ካርታውም የአክስቴ ነው። ጠበቃዋ የካርታውን ቅጂና የላከበትን ደረሰኝ ጠየቀች። ሁሉንም ከነማብራሪያው አስገቡት።

አገር ቤት ያላችሁ፣ ያልኳችሁ ቦታ ይሄ ነው። ውጭ ያለ ወንድማችሁ የካርታ ቅጂ ቢጠይቃችሁ አትደንግጡ፤ ቤቱን ሊቀማችሁ አይደለም። በተቃራኒው በድንገት ደውሎ «የእኔን ቤት በስምሽ አዙሪልኝ» ቢላችሁ ቆም በሉ። ከአበዳሪ ለማሸሽ ተብሎ የተዛወረ ንብረት ወደኋላ ተቆጥሮ ይመረመራል፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት። ኪሳራ ከመጠየቁ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ለማሸሽ ብሎ ካዛወረ ደግሞ የዕዳ ስረዛውን ጭራሽ ሊከለከል ይችላል። ልትጠቅሙት ብላችሁ ታጠፉታላችሁ።

ለዘመድ የከፈልከው ዕዳ አለ? ወንድም ጋሼ ከእህቱ ተበድሮት የነበረውን ጠቀም ያለ ገንዘብ ከስምንት ወር በፊት መልሶላት ነበር። «እሷን እንኳ ላስቀድም» ብሎ። ጨዋነት ነው። ሕጉ ግን ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ለቅርብ ዘመድ የተከፈለን ብድር ከሌሎች አበዳሪዎች አስበልጦ እንደመክፈል ያየዋል። ትረስቲ የሚባለው፣ ንብረቱን የሚቆጣጠረው ሰው፣ ገንዘቡን ከእህቱ ሊጠይቅ፣ ሊከሳትም ይችላል። ጠበቃዋ አራት ወር ጠብቀው እንዲያስገቡ መከረች። ያ የመጀመሪያው ፎርም ሞይ ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ ያስገባው ነበር፤ መጥሪያው የሚመጣው እህቱ ቤት ነው።

እቁብ አለህ? አለ፤ ደግሞ ዕጣው ወጥቶለት በልቶታል። የቀረው መዋጮ ዕዳ ነው ማለት ነው። ሳይደርሰው ቢሆን ኖሮ ደግሞ ያዋጣው ገንዘብ እንደ ንብረት ይቆጠር ነበር። እዚህ ላይ ነው ወንድም ጋሼ «አይሆንም» ያለው። «ባንኩን ጻፊ፣ ካርዱን ጻፊ፣ የእቁብተኞቹን ስም ግን አልሰጥሽም። ከዚህ በኋላ ማን ሰው ይለኛል?»

የጠበቃዋ መልስ እኔን በጣም ነው የገረመኝ። አበዳሪ መርጦ መጻፍ አይቻልም፤ ሁሉም ይጻፋሉ። ነገር ግን ሕጉ የሚሰርዘው የመክፈል ግዴታን ነው፤ በፈቃድ መክፈልን አይከለክልም። ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ከሚያገኘው ገቢ ለፈለገው ሰው፣ በፈለገው ጊዜ መክፈል ይችላል። ማለትም እቁብተኛውን መዝገቡ ላይ መጻፍ እቁብተኛውን መካድ አይደለም። ይሄን ባትነግረው ኖሮ ወይ ይዋሽ ነበር፣ ወይ ዕዳው ውስጥ እንደተቀበረ ይቀር ነበር።

ሌሎቹም ጥያቄዎች እንደዚሁ ናቸው። ለመኪናህ ኮሳይን ያደረገልህ ሰው አለ? በቻፕተር 7 የእናንተ ዕዳ ሲሰረዝ አበዳሪው ወደ ዋሱ ይዞራል፤ ቻፕተር 13 ግን በግል ፍጆታ ዕዳ ላይ ለዋሱም ጊዜያዊ ከለላ አለው። ለቤተ ክርስቲያን አሥራት ትሰጣለህ? ከዓመት ገቢ 15 ከመቶ ያልበለጠ ስጦታን ሕጉ በአብዛኛው ይጠብቀዋል፤ ግን ይገለጻል። በቅርቡ በካርድ ትልቅ ነገር ገዝተሃል? ማመልከቻው ሊገባ 90 ቀን ሲቀረው የተገዛ የቅንጦት ነገር፣ ወይም በ70 ቀን ውስጥ ከካርድ የወጣ ጥሬ ገንዘብ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ላይሰረዝ ይችላል። «እንግዲህ ልከስር ነው» ብሎ ካርዱን ለአገር ቤት ጉዞ የሚያሟጥጥ ሰው ካለ ይስማ።

ይሄ ሁሉ የሚሞላው በመሐላ ነው። ንብረት መደበቅ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል። ብዙ ሰው «ግሪን ካርዴን ያበላሽብኛል» ብሎ ይፈራል። ኪሳራ መጠየቅ በራሱ ግሪን ካርድም ዜግነትም አያስከለክልም። የሚያስከለክለው በመሐላ መዋሸቱ ነው። ፈሪው ሰው ራሱን ለማዳን የሚደብቀው ነገር ነው የሚያጠፋው።

አሁን ስልካችሁን አውጡ

ጠበቃ ስትፈልጉ መጀመሪያ ፈቃዱን አረጋግጡ። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች፣ የቨርጂኒያ ስቴት ባርና የዲሲ ባር ድረ ገጾች ላይ ስም አስገብታችሁ በነፃ ማየት ይቻላል። ሌላ ስቴት ያላችሁም የራሳችሁ አለ።

ቀጥሎ ሥራው በእርግጥ ኪሳራ መሆኑን እዩ። ኢሚግሬሽንም፣ ፍቺም፣ የመኪና አደጋም፣ ኪሳራም የሚል ቢሮ አራተኛውን በዓመት አንዴ የሚሠራው ሊሆን ይችላል። የግለሰብ ኪሳራ ጠበቆች ብሔራዊ ማኅበር በድረ ገጹ ላይ በአካባቢ የሚፈለግ ዝርዝር አለው። የአሜሪካ የሰርተፊኬት ቦርድ የሚባለው ደግሞ ፈተና ወስደው በግለሰብ ኪሳራ ስፔሻሊስትነት የተመሰከረላቸውን ያወጣል። ገቢያችሁ በጣም ዝቅተኛ ከሆነ የሊጋል ኤይድ ቢሮ ጠይቁ። ቀላል ቻፕተር 7 ላላቸው አፕሶልቭ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ማመልከቻውን በነፃ ያዘጋጃል።

ብዙ ጠበቆች የመጀመሪያውን ምክክር በነፃ ይሰጣሉ። ስለዚህ አንድ ብቻ አትዩ፤ ሁለት ሦስት እዩ። ባትቀጥሩትም እንኳ የነገራችሁትን በምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። እነዚህን ጠይቁ፦ በዚህ ፍርድ ቤት ምን ያህል የኔ ዓይነት ጉዳይ ሠርተሃል? ትረስቲው ፊት ስቀርብ አብሮኝ የሚሆነው አንተ ነህ ወይስ ሌላ ሰው? የጠራኸው ዋጋ ምን ምን ያካትታል? አበዳሪ ቢቃወምስ ተጨማሪ ታስከፍላለህ? ኪሳራ ባልጠይቅስ ምን አማራጭ አለኝ? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሌለው ጠበቃ ሊሸጥላችሁ ነው የተቀመጠው።

ዋጋን በተመለከተ፣ ቀላል ቻፕተር 7 እንደ ቦታው ከ1,000 እስከ 2,500 ዶላር አካባቢ ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜም ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ነው የሚከፈለው። ምክንያቱ ያስቃል፤ ካልተከፈለ የጠበቃውም ገንዘብ ከሚሰረዙት ዕዳዎች አንዱ ይሆናል። በቻፕተር 13 ግን ክፍያው ዕቅዱ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የፍርድ ቤቱ መክፈቻ ለቻፕተር 7 338 ዶላር፣ ለቻፕተር 13 313 ዶላር ነው። በየተራ ለመክፈል መጠየቅ ይቻላል፤ ገቢው በጣም ዝቅተኛ ለሆነ የቻፕተር 7 አመልካች ሊቀርለትም ይችላል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ሕጉ ነው። ጠበቃው የተቀበለውን ገንዘብም ለፍርድ ቤቱ ያሳውቃል።

ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ መንግሥት ካጸደቃቸው ድርጅቶች በአንዱ የብድር ምክር ትወስዳላችሁ፤ በስልካችሁ ያልቃል። ከትረስቲው ጋር የሚደረገው ስብሰባም አሁን በአብዛኛው በዙም ነው። አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣል፤ ጠበቃችሁ አስቀድሞ እንዲጠይቅ አስታውሱት።

ከአንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቁ። «ዕዳህን በግማሽ እናስቀንሳለን» የሚሉ ድርጅቶች ጠበቃ አይደሉም፤ ክስ የማስቆም ሥልጣንም የላቸውም። በእነሱ በኩል የተቀነሰ ዕዳ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ሊያስከፍል ይችላል። በኪሳራ የተሰረዘ ግን አያስከፍልም።

ውጤቱ

ወንድም ጋሼ አራቱን ወር ጠብቆ ቻፕተር 7 አስገባ። ትረስቲው ስለ አክስቴ ቤት ሁለት ጥያቄ ጠይቆ ወረቀቱን አየና አለፈ። ትራኩ ለአበዳሪው ተመለሰ። ዕዳው ተሰረዘ። የክሬዲት ታሪኩ ላይ ለአሥር ዓመት ይቆያል፤ ይሄም ዋጋ ነው፣ ቀላል አይደለም። አሁን በኩባንያ መኪና ተቀጥሮ ይነዳል። ለእቁቡ ሰብሳቢ ደግሞ በየወሩ የሚችለውን ያህል ይሰጣል፤ ማንም ሳያስገድደው። መጀመሪያ ላይ የተቆጡት ነበሩ። አንዱ እስካሁን አያናግረውም። የቀሩት ግን እሁድ እሁድ ቡና ላይ ቦታ ይለቁለታል።

እንግዲህ የእኔ መመዘኛ ይሄ ነው። የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ስለ አገር ቤት፣ ስለ ዘመድ ብድር፣ ከየት ስቴት እንደመጣችሁ ምንም ሳይጠይቅ ውል የሚያቀርብ ጠበቃ ከገጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ። የማይመቹ ጥያቄዎችን የሚደረድር ከገጠማችሁ ደግሞ ተቀመጡ፤ ሁሉንም ንገሩት። ዕዳ ያስጨነቀው ሰው አጠገባችሁ ካለም ይሄን ጽሑፍ በውስጥ ላኩለት፤ ግሩፕ ላይ አይደለም።

ቸር ሰንብቱ!